የግራ ጉንጬ ነገር

ማቴ፣ የምህረት አባት፣

ከተለያየን አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ይህን የምጽፍልህ በዚያው ሰማያዊ ልባስ ባለው ደብተራችን ላይ ነው፤ አንተ ካቆምክበት ገጽ ቀጥዬ። ወረቀት አጥታ ነው እንዳትለኝ፣ አስተማሪ ቤት ደብተር አይጠፋም። ግን እኔና አንተ ስንነጋገር የኖርነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ ብጽፈው ለሌላ ሰው የጻፍኩት መሰለኝ።

ዛሬም መናገር አልችልም። ከትናንት ጀምሮ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ነገር ይመጣብኛል። አንተ አሳምረህ ታውቀዋለህ፤ ግን አንድ ቀን ምህረት ይህን ታነበው ይሆናልና ልጻፈው። ከግራ ጆሮዬ ፊት ለፊት ይነሳና በጉንጬ በኩል እስከ ከንፈሬ ጫፍ ድረስ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ያደርቀኛል። ጥቂት ሴኮንድ ነው። ከዚያ ይለቀኛል። የሚያሳብደኝ ግን የመጣበት ሰዓት አይደለም፤ ከለቀቀኝ በኋላ ቀጣዩን እየጠበቅሁ የምቀመጠው ነው። ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ማኘክ፣ ማዛጋት፣ የመስኮት ንፋስ፣ የሻሽ ጫፍ፣ ሁሉም ይቀሰቅሰዋል። በገዛ ፊቴ ውስጥ ታስሬ፣ ዘበኛው መቼ እንደሚማታ ሳላውቅ እኖራለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፣ አንተ ወሬ ትወዳለህ። ምህረት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሒሳብ ነው የምታጠናው፣ በኔ ወጣች። መንገዳችን ኮብልስቶን ተነጥፎለት ባጃጅ በራችን ድረስ ይመጣል። እኔ ግን አልሳፈርም፤ በሁለቱም በኩል ክፍት ስለሆነ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጉንጬን ያገኘዋል። ተጠቅልዬ በእግሬ እሄዳለሁ። የሱቁ ሸምሱ፣ ያ ስልጤው፣ አፌን ከፍቼ ከምጠይቀው በጣቴ ማሳየት እንደሚቀናኝ ገብቶት ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ «ቲቸር፣ ሳሙና ነው አይደል?» ብሎ ይቀድመኛል። ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል። አይደለም ለማለት አፍ መክፈት ስለሚያስፈልግ ዝም ብዬ ተቀብዬው እመጣለሁ፤ ቤታችን በሳሙና ሞልቷል።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንደማስተምር ብታይ ደግሞ ትስቅ ነበር። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። የመጣው ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተቀምጦ አየና ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴን በተግባር ያዋለች ብሎ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ግምገማ ላይ ግን ዝምታዬ አልተወደደልኝም። ሁሉም ተራ በተራ ራሱን ሲተች እኔ አፌን በእጄ ይዤ ስቀመጥ፣ «መምህርት አስቴር ዝም ያለችው ምን ይዛ ነው?» ተባለ። ምን እንደያዝኩ ብነግራቸው ኖሮ!

ግን ያኔ እንዴት ልንገራቸው? ከአንተና ከዚህ ደብተር በቀር አገር ሁሉ የሚያውቀው እንደዳንኩ ነበር። የዳንኩ ሰው ነበርኩ እኮ። በመድረክ ላይ ቆሜ የመሰከርኩ።

እንዴት እዚህ እንደደረስን አንዳንዴ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው እያነሳሁ እከልሰዋለሁ። ጉኑኖ ጤና ጣቢያ ድሬሰር በነበርክ ጊዜ፣ ገበሬው ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራህ ጊዜ ነበር። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነበር፣ ወንድምህ ጋሼ አንጁሎ ቤት ሥጋው በዳጣ ቀርቦ ሰው ሁሉ ቢላውን ይዟል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስነክስ ጮህኩ። ጥርስ ነው ተባለ፤ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? በበነጋው ወንበርህ ላይ አስቀምጠህ አንዱን መንጋጋዬን ነቀልክልኝ። እጅህ ጥሩ ነበር፣ እሱን አልክድህም። ሕመሙም ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ እኔም ደስ አለኝ፣ አንተም ደረትህን ነፋህ። ሲመለስ የላይኛውን ነቀልክ፤ እሱም ለአምስት ሳምንት ሄደልኝ። ሦስተኛውን ስትነቅል ላብህ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ለአራተኛው ጉጠቱን ይዘህ ስትመጣ አፌን በሁለት እጄ ከደንኩት፤ አንተም ጉጠቱን ሳህን ላይ አስቀምጠህ ወጥተህ ግቢው ውስጥ ቆምክ። ያኔ አልጠየቅሁህም፣ ምን እያሰብክ ነበር?

ሶዶ ተዛውረን ከገባን በኋላ ነው አንድ ሐኪም ፊቴን ሳይነካ፣ ነገሬን ብቻ ሰምቶ፣ ይሄ የፊት ነርቭ ሕመም ነው ያለን። ሕመሙ በራሱ ጊዜ እየሄደ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነው፣ ጥርስ ተነቀለም አልተነቀለ ይሄዳል፣ ይመለሳል አለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት ጻፈልኝ። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስክም።

ደብተሩን የጀመርነው ያን ሳምንት ነው። ስናገር ስለሚያመኝ እጽፍልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ አፍህ ደህና ሆኖ ሳለ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ በጽሑፍ ትመልስልኝ ነበር። መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ነው ብቻዬን ዝም እንዳልል እንደሆነ የገባኝ። «ሽሮው ጨው በዝቶታል» ብለህ የጻፍክበት ገጽ አሁንም የሽሮ ጠብታ አለበት። ከሥሩ እኔ «አፍ ካለህ ተናገር» ብዬሃለሁ፤ ከሱ ሥር አንተ «አልናገርም» ብለሃል። ትልቅ ሰውዬ!

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሳምንት መጣ። ሦስት ቀን ጾሙልኝ፣ እጃቸውን ጉንጬ ላይ ጫኑ፣ አላመመኝም። በማግስቱም አላመመኝም። እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ መሰከርኩ፤ ያንን ብቻ ብዬ ብወርድ ምን ነበረበት? እኔ ግን ሰው ሁሉ እንዲያምን ብዬ የግራ ጉንጬን በጥፊ ጧ አደረግሁት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ጋሼ አንጁሎ ከጉኑኖ ድረስ መጥተው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይተሃቸዋል፤ ቤታቸው ወስደው በግ አርደውልናል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ተመለሰ።

እዚህ ደብተር ላይ «ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩልህ። አንድ ቃል። አንተ ረጅም ጊዜ አይተኸው ከሥሩ «ለማንም አትንገሪ፣ እንደገና ሊሄድ ይችላል» ብለህ ጻፍክ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «እኔ አለሁ» ብለህ ጨመርክበት። አልወቅስህም ማቴ። እኔም እንደዚያ እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። ያን እሁድ አልዋሸሁም፣ ያን እሁድ አላመመኝም ነበር። የዋሸሁት ከዚያ ወዲህ ባለው በእያንዳንዱ ቀን ነው። አንድ ወር ዝም ያልነውን በሁለተኛው ወር እንዴት እንናገረው? በዓመቱስ? በሩን የዘጋነው እኛው ነን፤ ቁልፉን የት እንዳደረግነው ነው የጠፋን።

መድኃኒቱን ሶዶ ብንገዛ ሰው ያየናል ብለህ ቦዲቲ ድረስ እየሄድክ ታመጣልኝ ነበር፣ በቪታሚን ጠርሙስ ገልብጠህ። ሰው ሊስመኝ ሲመጣ በግራዬ በኩል ትቆም ነበር፤ ከሩቅ ላየህ ቅናተኛ ባል ትመስል ነበር። አንተ ራስህ ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ግራ ጉንጬን አልነካህም። እንቅልፍ እየወሰደህ እንኳ እጅህ ቀኙን ነበር የሚፈልገው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። አራት ዓመት ዞሬው አልፌያለሁ።

ሆድህን ሲያምህ «ጨጓራ ነው» ብለህ ሁለት ቀን በራስህ ክኒን ቆየህ። የጤና ሰው ነህና ማን ይከራከርሃል? በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆድህ ተነፍቶ መቆም ሲያቅትህ ሆስፒታል ወሰድንህ። አንጀት ታጥፏል፣ ዘግይቷል፣ አሁኑኑ ይከፈት አሉ። የፈቃድ ወረቀቱን ጋሼ አንጁሎ ፈረሙ። በተሽከርካሪው አልጋ እየገፉህ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ስንደርስ አስቆምካቸው። ጎንበስ አልኩልህ። ቀኝ እጅህን አነሳህና፣ ከፊት ለፊት የተኛ ሰው እጅ የሚደርሰው እዚያ ነውና፣ ግራ ጉንጬ ላይ አሳረፍከው።

መታሁት። ሳላስብ፣ ዝንብ እንደሚባረር። እጅህ የአልጋውን ብረት ሲመታ የቀለበትህን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል በሩ ተከፍቶ እያስገቡህ ነበር። በእግርህ ግርጌ ቆመው የነበሩት ጋሼ አንጁሎ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣህም።

አንተ የመታሁህ ለምን እንደሆነ ገብቶሃል፣ አይደል? ሕመሙ መመለሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ይህን ለራሴ በቀን አሥር ጊዜ እነግረዋለሁ። ግን በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ፣ አስታውሰኸው ይሆን?

ለቅሶው ላይ የሆነውን አልነገርኩህም። የዳነች ሴት ነኛ! የመጣው ሁሉ አገላብጦ ሳመኝ። ጉኑኖ፣ አረካ፣ ሶዶ፣ ያልሳመኝ የለም። በሁለተኛው ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ግድግዳው ጥግ ተሸጎጥኩ። ማልቀስም አልቻልኩም፤ እንባው በጉንጬ ሲወርድ ራሱ ያመኛል። እንባዬን ከዓይኔ ሳይወጣ በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ደረቅ ፊት ይዤ ተቀመጥኩ። የጉኑኖ ሴት ዘመዶችህ ይህን ሁሉ አዩ። ጋሼ አንጁሎ ደግሞ በሩ ላይ ያዩትን ነገሯቸው። «ወንድሜ ሊሰናበታት ሲል እጁን መታችበት፣ አሁን ደግሞ እንባ የላትም» ብለው ነው የሄዱት። ምን ያድርጉ፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። አራት ዓመት በሰው ሠርግ ከሩቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ከማለፍ በቀር አላናገሩኝም።

ሙት ዓመትህ ሳይደርስ የሥራ ሣጥንህን ስጠርግ የቪታሚን ጠርሙስ አገኘሁ። መድኃኒቴ መስሎኝ ስከፍተው ሦስት ጥርስ ነው። ፕላስተር ለጥፈህበት በዚያች ባልተስተካከለች ጽሑፍህ «የአስቴር። ጤነኞች ነበሩ» ብለህበታል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዶክተሩ ዘንድ የተመለስን ቀን ያላወራኸውን ያኔ ሰማሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ በደብተሩ ብትጽፍልኝ? «በነቀልክ ቁጥር ሕመሙ ይሄድ ነበርና ማንም ይሳሳታል» እልህ ነበር። ተቆጥቼህም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤ ያለ ግራ መንጋጋ ያኘክሁት እኔ ነኝ። ግን ጠርሙሱን እንደያዝኩ ያሰብኩት ሌላ ነው። አንተ ጥርሴን ደብቀህ፣ እኔ ምስክርነቴን ደብቄ፣ በአንድ ጣራ ሥር ሁለታችንም ታፍነን ኖረናል።

አሁን መድኃኒቱ እምቢ ብሏል። መጠኑን ጨመሩልኝ፣ ደግመው ጨመሩልኝ። አንዱ ተማሪ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ወደ ታች እየተንሸራተተ ልጆቹ አንገታቸውን አዘንብለው ነው የሚያነቡት። በደም ምርመራዬ መድኃኒቱ ሰውነቴን እየጎዳው እንደሆነ ታየና ከዚህ በላይ አይጨመርም ተባልኩ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች እህቴን ልጠይቅ ነው ብዬ ሄድኩ። ይኸው፣ ሌላ ውሸት።

እዚያ ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን ውስጥ አስተኝተው አስገቡኝ። ጠባብ ቱቦ ነው፣ ጣራው አፍንጫህ ላይ ነው። ጭንቅላትሽን እንዳታንቀሳቅሺ አሉኝ። መሃል ላይ ሕመሙ መጣ። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቤት ሠራተኛ ይደበድባል፣ ሕመሙ ይመታኛል፣ መንቀሳቀስ የለም፣ መጮህ የለም። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ሕይወቴ እኮ ይሄው ነው አልኩ በልቤ፤ ያው እንዲህ ነው የምኖረው፣ ዛሬ ፎቶ አነሱት።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ያስተማርኩት ልጅ ይመስላል። እንደ ጎበዝ አስተማሪ ወረቀት ገልብጦ ሳለልኝ። ከአንጎል ሥር የሚወጣ ወፍራም ነርቭ አለ፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ ለግንባርና ለዓይን፣ አንዱ ለጉንጭ፣ አንዱ ለአገጭ ይደርሳል። ሥሩ ላይ አንድ የደም ሥር ተጋድሞበታል፣ ልብ በመታ ቁጥር እሱም ይመታዋል። የነርቩ ሽፋን ከዓመት ዓመት እየተላጠ፣ ፕላስቲኩ እንደተላጠ የመብራት ገመድ ሆኗል። ለዚህ ነው የሻሽ ጫፍ ሲነካኝ እሳት የሚሆንብኝ። በእርሳስ አንዲት ትንሽ መስመር ነች ማቴ። ሦስት ጥርሴን የበላችው፣ መድረክ ላይ ያወጣችኝ፣ እጅህን ያስመታችኝ፣ እሷ ነች።

ከዚያ መንገዶቹን ነገረኝ። ከጉንጭና ከአገጭ ቆዳ ሥር የነርቩን ቅርንጫፍ መቁረጥ አለ፤ ቀላል ነው፣ ግን ነርቭ መልሶ ስለሚበቅል ሕመሙም አብሮት ይመጣል አለና ሰረዘው። በጨረር ማከምም አለ፣ ቢላ የለውም፣ ለውጡ እስኪታይ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ማሽኑም ውጭ አገር ነው አለና እሱንም ሰረዘው። ሁለት ቀሩ።

አንዱ መርፌው ነው። ከከንፈር ጫፍ አጠገብ ረጅም መርፌ በጉንጭ አስገብተው እስከ ነርቩ ሥር ያደርሱትና በሙቀት ይጠብሱታል። ራስ አይከፈትም፣ በማግስቱ ቤት ይገባል፣ ጠባሳ የለውም። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ያኔም ይደገማል። ዋጋው ጉንጩ ነው፤ ይደነዝዛል። ጥርስ ሐኪም ወግቶ ያደነዘዘው ዓይነት፣ ግን የማይለቅ። ዓይንም ከደነዘዘ አቧራ ገብቶ ሲያቆስለው አይታወቅም፣ መጠበቅ አለበት አለኝ።

ሌላው መክፈት ነው። ከጆሮ ጀርባ ፀጉር ተላጭቶ አጥንቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ በማይክሮስኮፕ እያዩ የደም ሥሩን ከነርቩ ላይ ያነሱትና በመሃላቸው ትንሽ ትራስ ያስገባሉ። ነርቩ አይቆረጥም፣ አይጠበስም፣ ጉንጩ ጉንጭ ሆኖ ይኖራል። ከሁሉም የሚበረክተው እሱ ነው። ግን ራስ ነው የሚከፈተው። የግራ ጆሮዬ ሊደነቁር ይችላል፣ ቁስሉ የአንጎል ፈሳሽ ሊያፈስ፣ ደም ሊፈስ ይችላል። የሚሞት አለ ወይ ብዬ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩለት። «አልፎ አልፎ። የለም ብዬ አልዋሽዎትም» አለኝ። ዕድሜዎም ጤናዎም ይችለዋል፣ ምርጫው የእርስዎ ነው፣ ለዚህኛው ግን ከቤተሰብ ተረድቶ የሚፈርም ሰውና ለሳምንታት የሚያስታምም ያስፈልጋል ብሎ ተራ አስያዘኝ።

እኔ ከቢሮው ሳልወጣ መርፌውን መርጬ ነበር። ለምን መሰለህ? ማንም አያውቅማ። አርብ ሄጄ ሰኞ ክፍል እገባለሁ። የፈለገ ሰው ይስመኛል፣ ምስክርነቴ እንደቆመ ይቀራል፣ ቀሪ ዕድሜዬን የዳንኩ ሴት ሆኜ እኖራለሁ። ምህረትም ስነግራት መርፌውን ነው ያለችው፣ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። «እማ፣ አባቴን በዚያ ዓይነት በር አስገብቼዋለሁ፣ አንቺን አላስገባም» አለችኝ። ያቺ የሒሳብ ልጅህ በስልክ ስታለቅስ ሰማኋት።

ለሦስት ሳምንት በመርፌው ሐሳብ ኖርኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሕመሙ ትንሽ ፋታ ሰጥቶኝ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ እጄን ወደ ግራ ጉንጬ አስጠጋሁት። አልነካሁትም፤ የእጄ ሙቀት ብቻ ተሰማኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸኝ እዚያ ነው። እጅህ ያረፈበት እሱ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ያውም በሕመም ሆኖ። መርፌው ይህንን ይዞ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚስመው፣ እኔ የማላውቀው ጉንጭ ይኖረኛል። እምቢ አልኩ። ደንዝዤ የኖርኩት ይበቃኛል።

መክፈት ከሆነ ደግሞ መደበቅ የለም። የተላጨ ራስ ይዤ የት እገባለሁ?

ይህን ደብተር በቦርሳዬ ይዤ ወደ ጉኑኖ ወረድኩ። ጋሼ አንጁሎ እንሰት ውስጥ ነበሩ፣ ሲያዩኝ መጥረግ የማያስፈልገውን እጃቸውን ጠረጉ። ለመናገር ሞከርኩ፣ አልሆነም። ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ተመለሰ» የሚለውን አነበቡ፤ ከሥሩ ያንተን ጽሑፍ ሲያዩ በጣታቸው ተከተሉት። «ይሄ የማቴዎስ ጽሑፍ ነው» አሉ በወላይትኛ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «እሱ ያውቅ ነበር?» አዎ። «ታዲያ ያን ቀን በሩ ላይ፣ አሞሽ ነው?» አዎ። ደብተሩን ደረታቸው ላይ አድርገው እንሰቱ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜ ልቡ ተሰብሮ ነው የገባው ብዬ አራት ዓመት እንቅልፍ የለኝም አሉ። እኔ የተቀየሙኝ እየመሰለኝ፣ ለካ ያዘኑት ለአንተ ነበር።

ስለ ፊርማው ጠየቅኋቸው። «ወረቀት አልፈርምም። አንዴ ፈርሜ ወንድሜን ቀብሬያለሁ፣ እጄ አይታዘዘኝም። በሩ ላይ ግን እስክትወጪ እቀመጣለሁ» አሉኝ። አልተጫንኳቸውም። ሲሸኙኝ እንደ ወጉ ሊስሙኝ መጡና ቆም አሉ። ከዚያ ቀኙን ብቻ ሳሙኝ። ካንተ ወዲያ ቀኙን ብቻ የሳመኝ ሰው እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ እንባዬ ወረደ፣ አመመኝ፣ ተውኩት ይውረድ ብዬ።

ያለፈው እሁድ ምህረት ከሐዋሳ መጥታ ጉባኤው ፊት የጻፍኩትን አነበበችልኝ። እኔ አጠገቧ፣ ያኔ ጉንጬን የመታሁባት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። እልልታ አልነበረም። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። አንዲት እናት «እኔ እስካሁን እያገላበጥኩ ስስምሽ?» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው የቀዘቀዘብኝ አሉ፣ በእነሱም አልፈርድም። ወረቀቱን ምህረት ትፈርማለች። «እሺ» ያለችኝ ደብተሩን አንብባ ከጨረሰች በኋላ ነው፣ ሽሮው ጋ ስትደርስ ሳቀች።

ቀኑ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ፈርቻለሁ ማቴ። ድፍረት የመጣልኝ እንዳይመስልህ። ቅዳሜ ብቻ ሁለቴ ደውዬ መርፌው ይሁንልኝ ልል ስልኩን አንስቻለሁ፤ መናገር ስለማልችል ብቻ ነው ያስቀመጥኩት። ራሴ ሊከፈት ነው፣ ቁልፉ የኔ አይደለም፣ ተኝቼ ነው የምጠብቀው። ጥርሶቼንና ጠርሙሱን መሳቢያው ውስጥ ትቻቸዋለሁ፤ ፕላስተሩ ላይ ከጽሑፍህ ሥር «አውቃለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ደብተሩን ግን ይዤው እሄዳለሁ።

የዚያን በር ነገር እስክሞት አልረሳውም፤ ልረሳውም አልፈልግም። ደህና ከወጣሁ፣ ጉንጬም ከነነፍሱ ከወጣ፣ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ያንተን እጅ የመታውን ቀኝ እጄን አንስቼ ግራ ጉንጬ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ አንተ ባሳረፍክበት ቦታ። ነርሶቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ ቶሎ አላነሳውም።

ካልወጣሁ ደግሞ አንተው አሳርፈው። አሁን አልመታህም።

አስቴርህ